ትልልቅ ከተሞች ያላቆዩትን ቡድን ትንሿ ኸርሺ እንዴት አቆየችው?

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ካፒታልስ የሚባለውን የበረዶ ሆኪ ቡድን ቢያንስ በስሙ እናውቀዋለን። በ2018 የሰሜን አሜሪካን ታላቁን የሆኪ ሽልማት፣ የስታንሊን ዋንጫ፣ ሲያነሣ ከተማው በቀይ ማልያ ተጥለቅልቆ ነበር። የዛሬው ጥያቄዬ ግን ለካፒታልስ ተጫዋች እያበሰለ ስለሚልከው ታናሽ ቡድን፣ ስለ ኸርሺ ቤርስ ነው። ኸርሺ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የምታስነዳ የፔንሲልቬኒያ ትንሽ ከተማ ናት። ከጎዳናዎቿ አንዱ ቸኮሌት፣ ሌላው ካካዎ ይባላል፤ የመንገድ መብራቶቿ ሳይቀሩ በከረሜላ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው።

ቡድኑ በ1932 ሲቋቋም ስሙ ባርስ ነበር፤ የከተማዋ የኸርሺ ፋብሪካ የሚያመርተውን ቸኮሌት የሚያስታውስ ስም። ማስታወቂያ እንጂ የቡድን ስም አይመስልም የሚል ትችት ስለተነሣበት በ1936 ቤርስ፣ ማለትም ድቦች፣ ተባለ። በ1938 ዛሬ አሜሪካን ሆኪ ሊግ ወደምንለው ውድድር ገባ። ከዚያ ወዲህ ከተማ ሳይቀይር፣ ስም ሳይለውጥ አለ። የሊጉን ካልደር ዋንጫ 13 ጊዜ ወስዷል፤ በብዛት የሚከተለው የቀድሞው ክሊቭላንድ ባሮንስ 9 ነው ያለው፣ እርሱም በ1973 ከተማውን ለቅቆ ሄዷል።

የመጀመሪያ ጨዋታዬን ያየሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትኬት ተርፎት ይዞኝ በሄደ ጊዜ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር የመጡበትን ዘመን ለልጅ ልጃቸው ይተርኩ ነበር። ከበረዶው ላይ ዓይኔን አንሥቼ እሳቸውን ሳዳምጥ ቆየሁ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ያጡትን ይህች ከተማ በምን አቆየችው?

የእኔ መልስ ባለንብረቱ ነው የሚል ነው። የፋብሪካው መሥራች ሚልተን ኸርሺና ሚስቱ ካትሪን ልጅ አልወለዱም። በ1909 ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። እርሷ ካረፈች በኋላ፣ በ1918፣ በኩባንያው ውስጥ የነበረውን ሀብት ለትምህርት ቤቱ አደራ አድርጎ አስተላለፈ። ዛሬ ቡድኑም ስታዲየሙም የመዝናኛ ፓርኩም ያሉት በዚያው አደራ ሥር በሚተዳደር ኩባንያ እጅ ነው። ትርፉ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ለልጆቹ ነው። እንዲህ ያለ ባለንብረት ቡድኑን በመኪና ጭኖ የተሻለ ገበያ ፍለጋ አይሰደድም እላለሁ። እናንተስ?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ 22 መልሶች መጡ። እንዳሉ ከመገልበጥ ይልቅ የተባለውን በራሴ ቃል በየቁጥራቸው አስፍሬዋለሁ።

1ኛ። ከአሌክሳንድሪያ የጻፈ ወንድም በአክብሮት አመስግኖ ጀመረ። ካፒታልስን ለዓመታት ሲከታተል ከጀርባው ሌላ ቡድን መኖሩን እንዳላወቀ ነገረን። ከዚያ ጠየቀ፤ ይህ እንደ እግር ኳሱ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው ወይ? ቡድኑ 13 ዋንጫ ወስዶ እንዴት ወደ ላይኛው ሊግ አላደገም?

2ኛ። ከቶሮንቶ የጻፈች እኅት ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ተናግራ በትዕግሥት አስረዳች። በሰሜን አሜሪካ ሆኪ ማደግና መውረድ የለም። የላይኛው ናሽናል ሆኪ ሊግ 32 ቡድኖች አሉት፤ የታችኛውም እንዲሁ 32፣ እያንዳንዱ ከአንድ ታላቅ ቡድን ጋር የተጣመረ ነው። የሚያድገው ቡድኑ ሳይሆን ተጫዋቹ ነው። ጠዋት ኸርሺ ሲለማመድ የዋለ ልጅ ስልክ ተደውሎለት ማታ ዋሽንግተን ሊሰለፍ ይችላል። ምሳሌ አድርጋ ጄይ ቢግልን አነሣች። በተጫዋቾች ምርጫ ማንም ስሙን ያልጠራው ይህ ሰው በ2007 ከዚያም ዝቅ ባለው ሊግ የኬሊን ዋንጫ፣ በ2009 እና በ2010 በኸርሺ የካልደርን፣ በ2018 በዋሽንግተን የስታንሊን ወሰደ። ሦስቱንም ዋንጫዎች በማግኘት የመጀመሪያው እርሱ ነው። አሠልጣኞቹም በዚያው መሰላል እንደሚወጡ ጨመረች፤ በ2007 ከኸርሺ ተጠርቶ የሄደው ብሩስ ቡድሮና ከ2018 እስከ 2021 ኸርሺን ያሠለጠነው ስፔንሰር ካርበሪ ሁለቱም በዋሽንግተን የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተብለዋል።

3ኛ። አንድ ተሳታፊ ያለ ሰላምታ የዋንጫዎቹን ዓመታት ዘረዘረ፤ 1947፣ 1958፣ 1959፣ 1969፣ 1974፣ 1980፣ 1988፣ 1997፣ 2006፣ 2009፣ 2010፣ 2023፣ 2024። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሁለት ዓመት መውሰዳቸውን ልብ እንድንል አሳሰበ። በ1988 በጥሎ ማለፉ 12 ጨዋታ ተጫውተው 12ቱንም ማሸነፋቸውንም አከለ። ያሳዘነኝ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገሩ ነው። ሚልተን ኸርሺ ያረፈው በ1945 ነው፤ ቡድኑ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው ከዚያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነበር።

4ኛ። ከፒትስበርግ የጻፈው ሰው ሙሉ ሐሳቤን ተቃወመ፣ በጨዋነት ግን በጽኑ። ኸርሺን ያቆያት ትንሽነቷ ነው አለ። ፒትስበርግ ሆርኔትስ በ1967 የካልደርን ዋንጫ አንሥቶ በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ ምክንያቱም ናሽናል ሆኪ ሊግ ፔንግዊንስን ወደ ከተማው አመጣ። በ1970 ቡፋሎ ላይ ያው ተደገመ፤ ባይሰንስ ሻምፒዮን ሆኖ ተሰናበተ፣ ሴበርስ ገባ። ታላቁ ሊግ በገባበት ከተማ ታናሹ ቦታ አጣ። ወደ ኸርሺ ግን ማንም የታላቁን ሊግ ቡድን ይዞ አይመጣም። ዋንጫ ይዞ ሜዳ ላይ እየጨፈረ ቤቱ እንደሚዘጋ የሚያውቅ ተጫዋች ምን ይሰማው እንደነበር አስቡት ብሎ ዘጋ።

5ኛው የእኔ ነው። መከራከሪያው ጠንካራ መሆኑን ተቀብዬ ግሌንስ ፎልስን አነሣሁ። ይህች የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ትንሽ ከተማ ናሽናል ሆኪ ሊግ ፈጽሞ የማያስባት ናት። አዲሮንዳክ ሬድ ዊንግስ የተባለው ቡድኗ በ1981፣ በ1986፣ በ1989 እና በ1992 አራት ጊዜ የካልደርን ዋንጫ ወሰደላት። ሆኖም በ1999 ከእጇ ወጣ። ትንሽነት ብቻ የሚያድን ቢሆን ኖሮ ግሌንስ ፎልስም በዳነች ነበር።

6ኛ። ውይይቱ እዚህ ላይ መንገድ ሳተ። አንድ ወንድም ኸርሺ በሆኪ ብቻ ሳይሆን በቅርጫት ኳስም መታወቅ እንዳለባት ጽፎ ዊልት ቻምበርሌን የተባለው ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረበት ታሪክ ከስሟ ጋር ይነሣል አለ፤ ጨዋታው ግን የተደረገው ኒው ዮርክ ነው ሲል አከለ።

7ኛ። ይህን ያነበበ ሌላ ሰው ቁጣውን አልደበቀም። ሳያጣሩ መጻፍ መድረኩን ያረክሳል አለ። ጨዋታው የተደረገው መጋቢት 2 ቀን 1962 ኸርሺ ውስጥ፣ ድቦቹ ይጫወቱበት በነበረው አሮጌው ስታዲየም ነው። ኒው ዮርክ የተሸናፊው ቡድን ስም እንጂ የቦታው ስም አይደለም፤ ፊላደልፊያ ዋሪየርስ ኒክስን 169 ለ147 አሸነፈ፣ ተመልካቹም 4,124 ነበር። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ሊለዝብ ይችል ነበር። (ቀኑ ማርች 2 ማለቱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት ነበር።)

8ኛ። አንድ የሕንጻ መሐንዲስ በመሐል ገብተው ነገሩን አበረዱት። ስለዚያው አሮጌ ስታዲየም ጻፉ፤ ከሁሉም መልሶች ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ1936 የተከፈተ ነው። ጣሪያው አንድም የመሐል ምሰሶ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ስስ የኮንክሪት ቅርፊት ነው፣ እንደ እንቁላል። የነደፈው አንቶን ቴደስኮ ይባላል፤ የዚህን ዓይነት አሠራር ከጀርመን ወደ አሜሪካ ያመጣ መሐንዲስ ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን አብዛኛው አገር ሥራ ሲያቆም ሚልተን ኸርሺ ሆቴል፣ ስታዲየምና የማኅበረሰብ ማዕከል ያሠራ ነበር፤ ሠራተኞቹም የከተማው ሰዎች ነበሩ። እኚህ መሐንዲስ የደረሱበት ሐሳብ፣ አባትህ ኮንክሪት ያቦካበትን ቤት ቡድን በቀላሉ አትተወውም የሚል ነው። ባለንብረቱን ብቻ አይቼ ግንበኞቹን መዝለሌን ያን ጊዜ አየሁት።

9ኛ። ከዚያ ስለታሙ መጣ። አንድ ተሳታፊ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልገናል ሲል ጠየቀ። አገራችን ውስጥ ስንት ታሪክ ያላቸው ክለቦች በገንዘብ እጦት ሲፈርሱ አንዲት መስመር ያልጻፍን ሰዎች ለፈረንጅ በረዶ ስናለቅስ ማየት ያሳፍራል አለ። የጻፍኩትንም የትርፍ ጊዜ ቅንጦት ብሎ ጠራው። ቃሉ ጎድቶኛል፤ ግን ከልቡ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም።

10ኛ። መልስ የሰጠው እኔ አይደለሁም። ወንጂ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ለእርሱ ይህ የውይይት ክር የበረዶ ወሬ አልነበረም። ስኳር ፋብሪካ፣ በፋብሪካው ዙሪያ የተሠሩ የሠራተኛ ቤቶች፣ በፋብሪካው ስም የሚጫወት የእግር ኳስ ቡድን፤ ይህን ሁሉ በልጅነቱ ኖሮበታል። ቅዳሜ ከሰዓት አባቱ የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ወደ ሜዳ ይዘውት ይሄዱ እንደነበር ጻፈ። የድሬዳዋውን ጥጥ ማኅበርም አነሣ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወልዶት የአገር ሻምፒዮን እስከ መሆን የደረሰ ቡድን። ለ9ኛው የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የእኛ የፋብሪካ ቡድኖች ለምን እንደደከሙ ለመረዳት፣ አንዱ የፋብሪካ ቡድን የሰው አገር ላይ እንዴት ዘጠና ዓመት እንደቆመ ማጥናት ቅንጦት አይደለም። የቡድኑ ዕጣ በአንድ ሥራ አስኪያጅ በጎ ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠልና በሕግ በታሰረ አደራ ላይ ሲቆም ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው ሲል ጻፈ። እኔ በአንድ ገጽ ያላስረዳሁትን እርሱ በሦስት መስመር አስረዳው።

11ኛ። ሌላው የሆኪን ድብድብ አነሣ። በዱላ የሚጫወት፣ ጓንት ጥሎ የሚቧቀስ ስፖርት ለልጅ አይታይም አለ።

12ኛ። ከሸዋ ገጠር የመጡ አባት የእኛንስ ገና የት ጣላችሁት ብለው መለሱ። በቆልማማ ዱላ ሩሯን እያሳደዱ፣ መንደር ከመንደር ገጥሞ፣ ቅልጥም እየተሰበረ ስንጫወት ነበር፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለውም ለዚሁ ነው አሉ። እሳቸው ሆኪን በቴሌቪዥን ሲያዩ በረዶው ብቻ እንግዳ እንደሆነባቸው፣ ዱላውን ግን ወዲያው እንዳወቁት ጻፉ።

13ኛ። 11ኛው ተመልሶ አልተረታሁም አለ፤ ገና በዓመት አንዴ ነው፣ ይህ ግን ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ነጥብ አለው፤ ክርክሩ ግን ወደ ድብድብ ጠቅልሎ እንዳይገባ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ አላለፍኩትም። በዚህ ሊግ ድብድብ በቅጣት የሚታይ እንጂ የጨዋታው ዓላማ እንዳልሆነ ብቻ አስታወስኩ።

14ኛ። ከፊላደልፊያ የጻፈች እኅት ሚልተን ኸርሺን ቅዱስ አድርጌ በማቅረቤ ተቆጣች። የአደራው ሰነድ ትምህርት ቤቱን ለነጭ ወንዶች ልጆች ብቻ የከፈተ እንደነበር አስታወሰችን። ያ ቃል የተነሣው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሴቶች ልጆች የገቡትም በ1970ዎቹ። ለትውልድ የቆመ አደራ ስንል የትኛውን ትውልድ ማለታችን ነው ስትል ጠየቀች። መልስ አልነበረኝም። ይህን ከመክፈቻው ጽሑፌ ማስቀረቴ ጉድለት ነው፤ እዚሁ ክር ውስጥ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

15ኛ። የቶሮንቶዋ እኅት ይህን ክር ይዛ ወደ ተጫዋቾቹ ወሰደችው። በ2018 ለዋሽንግተን በመጨረሻዎቹ የዋንጫ ግጥሚያዎች ወሳኝ ግቦችን ያስቆጠረው ጥቁሩ ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊ፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ቺካጎ ላይ የቅጣት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጥቂት ተመልካቾች ቅርጫት ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ እያሉ ጮኹበት። የዋንጫው ጀግና በተከታዩ ዓመት ወደ ኸርሺ ተላከ፤ ቡድኑ ለታላቁ ሊግ የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን የሚወረድበትም ደረጃ ነው። አውርዶ ለሚልክህ ቡድን ማልያ ለብሰህ መሮጥ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ታስቡታላችሁ ወይ አለች።

16ኛ። ሐሳቤን የፈተነው ትልቁ መልስ ይህ ነው። የባንክ ሠራተኛ መሆኑን የገለጸ ሰው በ2002 አደራውን የያዘው አካል የቸኮሌት ኩባንያውን ለመሸጥ ገበያ አውጥቶት እንደነበር አስታወሰ። ሪግሊ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ ያቀረበው ዋጋ 12 ቢሊዮን ዶላር ያልፍ ነበር። ሽያጩን ያስቆመው የከተማው ሰው ነው፤ ሠራተኞች፣ የቀድሞ ተማሪዎችና ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በመጨረሻም ቀረ። ስለዚህ ባለንብረቱ ታማኝ ነው ብለህ አትተኛ፤ ታማኝ ሆኖ እንዲቆይ ያደረጉት የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው አለ።

17ኛው የእኔ ነው። አቋሜን ቀየርኩ። በዚያው በ2002 መኸር ቡድኑ ከአሮጌው ስታዲየም ወጥቶ 10,500 ሰው ወደሚይዘው አዲሱ ጃይንት ሴንተር ገባ። አንድ እጅ ኩባንያውን ለገበያ ሲያቀርብ ሌላው እጅ ለቡድኑ አዲስ ቤት ይከፍት ነበር ማለት ነው። አደራው ለቡድኑ ጣሪያ ሆኗል፤ የ4ኛው ወንድም ትንሽነት ታላቁን ሊግ አርቆለታል፤ ጣሪያው እንዳይፈርስ የጠበቁት ግን ሰዎቹ ናቸው።

18ኛ። ሃሪስበርግ ለረጅም ጊዜ የኖሩ አንድ አባት ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ እንዴት የፍራንክ ማዘርስ ስም አንዴ እንኳ አይነሣም ብለው ገሠጹን። ልክ ናቸው። ማዘርስ በ1956 ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ መጣ፤ በ1991 የቡድኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ ጡረታ ወጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት፣ አንድ ቡድን። በ1958፣ በ1959 እና በ1969 በአሠልጣኝነት፣ በ1974፣ በ1980 እና በ1988 በሥራ አመራር ስድስት ዋንጫ አብሮ አነሣ። በ1992 የሆኪ የዝና መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚህ በኋላ የተጻፈውን አልረሳውም። ታላላቆቹ ተጣማሪዎች ሲፈራረቁ፣ ዋሽንግተን ሄዶ ፊላደልፊያ ሲመጣ፣ ከዚያ ኮሎራዶ፣ ከዚያ በ2005 እንደገና ዋሽንግተን፣ ተጫዋቹ ሁሉ በየዓመቱ ሲለዋወጥ ደጋፊው ቡድኔ የሚለውን ማንን አይቶ ነው? በር ላይ የሚያውቀውን ሰው አይቶ ነው አሉ። ለእሳቸው ትውልድ ያ ሰው ማዘርስ ነበር።

19ኛ። የሁለት ልጆች እናት ስለ አሻንጉሊት ድቦቹ ጻፈች። በዓመት አንድ ማታ ቡድኑ የመጀመሪያውን ግብ ሲያስቆጥር ተመልካቹ ያመጣውን አሻንጉሊት ወደ በረዶው ይወረውራል፤ ተሰብስቦ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሰጣል። በጥር 2025 የተቆጠረው 102,343 ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ልጇ የሚወደውን አሻንጉሊት ለመወርወር ሳምንት ሙሉ እንዳለቀሰና በመጨረሻ ከሁሉ አርቆ እንደወረወረው ነገረችን። ጨዋታው ተቋርጦ በረዶው እስኪጸዳ ሲጠበቅ እጁን ይዛ ዝም ብላ ነበር።

20ኛ። ከእርሷ ጽሑፍ ተነሥቶ አንድ አባት ልጁን ሆኪ ለማስጀመር ፈልጎ የጫማው፣ የራስ ቁሩና የደረት መከላከያው ዋጋ እንዳስደነገጠው ጻፈ። ለሐበሻ በረዶ አይሆንም የሚሉት ዘመዶቹም አላበረታቱትም። በሌሎች ያገለገለ ዕቃ እንዲፈልግ ተመከረ፤ አንዱም ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ላይ መንሸራተቱን ለዘመዶቹ እንዲነግራቸው አሳሰበው።

21ኛ። 9ኛው ተመለሰ። አቋሙን አልለወጠም፣ ለቃሉ ግን ይቅርታ ጠየቀ፤ ለወንጂው ልጅም የፋብሪካውን ቡድን ታሪክ በራሱ ክር እንዲጽፍልን ለመነው። የወንጂው ልጅ እሺ ብሏል፤ የአባቱን ጓደኞች በስልክ ማነጋገር ጀምሯል።

22ኛ። የመጨረሻው ከአሌክሳንድሪያ የጻፈው የመጀመሪያው ወንድም ነው። ልጆቹን ይዞ ሊሄድ መወሰኑን ነግሮን ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ውስጡ ምን ያህል ይበርዳል፣ አሮጌው ስታዲየምስ ፈርሷል ወይ? ስለ ብርዱ ጋቢ ይዘህ ሂድ፣ ማንም አያፍርብህም አልኩት። አሮጌው ስታዲየም ደግሞ ቆሟል። በረዶውም አለ፤ የትምህርት ቤት ልጆች ይጫወቱበታል። ከአዲሱ በእግር የሚደረስ ነው፤ ከጨዋታው በፊት ጎራ ብለህ ቀና በልና ያችን ምሰሶ የሌላትን ጣሪያ እያት።